በጨርቅ የተጠቀለለ አውራ ጣት

እንጅባራ ላይ በተከፈተች አንዲት የፓስፖርት ማመልከቻ መቀበያ ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር፣ የጣት አሻራ ማሽኑ ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ውድ ዕቃ ነው። ርክክብ ስላልተፈረመ ግን መክፈት ክልክል ነው። ለርክክቡ ከአዲስ አበባ ኮሚቴ ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥሬ ሥጋውን በልቶ፣ አበሉን አወራርዶ፣ አንድ አባል ጎድሏል ብሎ ተመለሰ። እኔም እየለመድኩት ሄጄ የሻይ ብርጭቆዬን ካርቶኑ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ።

ከአቅራቢያችን ከአዘና አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ካርቱም ሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው ታማ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሄደው ሊያመጧት ፓስፖርት ፈለጉ። ያለ ፓስፖርት በመተማ እናሻግርዎ የሚሉ ደላሎች ነበሩ።

«እኔ ተደብቄ ከሄድሁ፣ የታመመች ልጅ ይዤ እንዴት ብዬ እመለሳለሁ?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ይሂዱ አልኳቸው፤ አዲስ አበባን አያውቋትም። በየሳምንቱ እየመጡ ካርቶኑን ያዩታል።

«ማሽኑ ይኸ አይደለም እንዴ ልጄ?»

«ነው አባቴ፤ ግን አልተከፈተም።»

ይህን ስል ትንሽ እንኳ አላፍርም ነበር። ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከበላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ያ አይነኬ ማሽን በአንድ ጧት ከካርቶኑ ወጣ፤ አዲስ መጋረጃም ተሰቀለ። ከእንግዳው ጋር ለመጣው ካሜራ የሚነሣ ባለጉዳይ ሲጠፋ አለቃዬ «እኒያን ደጅ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጥሪያቸው» አለኝ። ክንዳቸውን ይዤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። አውራ ጣታቸው በድንች ቁፋሮ ተልጦ ስለነበር ማሽኑ አላነብም አለ። የማሽኑ ባለሙያ ደጋግሞ አስጫናቸውና በመጨረሻ አሻራቸው ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ተጨበጨበ።

«ጣትዎን ይጠብቁት እንግዲህ» አላቸው እየሳቀ። «በወሩ ፓስፖርቱን ሲወስዱ ከዚህ አሻራ ጋር እናመሳስለዋለን።»

ማሽኑ ከየትም ጋር አልተገናኘም፤ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። ይህን አውቅ ነበር። እንግዳው ፊት መናገር ፈራሁ፤ ለሽማግሌው ሲወጡ እነግራቸዋለሁ ብዬ ስዞር ሄደዋል። በማግስቱ ማሽኑ ካርቶኑ ውስጥ ገባ፤ ብርጭቆዬም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከወር በኋላ ሽማግሌው በዝናብ ርሰው መጡ። ልጃቸውን በሰው ስልክ አግኝተዋታል፤ ድምጿ ደክሟል።

«አሁንስ ደረሰ?» አሉና ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። አውራ ጣቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ወሩን ሙሉ ዶማውን በአራት ጣት ይዘው ነው ድንቹን የቆፈሩት። ጨርቁን ቀስ ብለው ፈቱት። ቁስሉ ድኖ ጣቱ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሷል።

«በይ ልጄ፣ አመሳስዪው።»

አለቃዬን ረገምኩት፤ ራሴንም ረገምኩ።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «የዚያን ቀኑ ለፎቶ ነበር። አልተመዘገቡም።»

ሰምተውኛል። ዐይናቸው ካርቶኑ ላይ እንደቀረ፣ ጨርቁን አንሥተው ጣታቸውን መልሰው ይጠቀልሉ ጀመር።