ሮም ሆቴል ውስጥ የታሸው ባቴ

መጀመሪያ የያዘኝ ባቴን ነው። የግራ እግሬን። ሮም በገባን ማግስት ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ስቆም፣ ከጉልበቴ በታች ያለው ሥጋ እንደ ቋጠሮ ጠንክሮ ገተረኝ። የጡንቻ መሸማቀቅ መስሎኝ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረግኩና አለፍኩት። ይህን የምጽፈው ባታችሁን ሲይዛችሁ እንደ እኔ ረግጣችሁ እንዳታልፉት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከጎለመስኩ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ ያሉኝን እንደ ሰማሁት አስቀምጠዋለሁ።

ወደ ሮም የሄድነው እኔና የልጅ ልጄ ሶስና ነን። ሶስና አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ተወልዳ ያደገች ናት። ኮሌጅ ስትጨርስ፣ "እማማ፣ አንድ ቦታ ልውሰድሽ፣ የት ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። እኔ መዞር እወዳለሁ። ተቀመጪ ሲሉኝ እግሬን ይበላኛል። ኦሮራም ሆኜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሃቫና ስትሪትን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ጉዳይ እዞረዋለሁ፤ ልጄ "እናቴ ዛሬ ደግሞ የት ገባች?" እያለች ስትደውል ትውላለች። ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ሮም አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ታስታምማለች፤ አዳሯም እዚያው ሴትዮዋ ቤት ነው። ዓይኗን ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። "ጥሩዬ ጋ ውሰጂኝ" አልኳት። ጥሩዬ የራሷ ቤት ስለሌላት እንግዳ ማሳደር አትችልም፤ ሶስና ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ርካሽ ሆቴል ቡክ አደረገች።

ሆቴል ይባል እንጂ የአንድ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ነው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ የሰው መኖሪያ፣ መሐል ላይ የእኛ ሆቴል። ሊፍቱ ቁም ሳጥን ያህላል፤ ደግሞ የሚሠራበትም የማይሠራበትም ቀን አለው። ክፍላችን ሁለት ጠባብ አልጋና አንድ ወደ ውስጥ ግቢ የሚያይ መስኮት አላት፤ ከመስኮቱ ማዶ የሰው ልብስ ተሰጥቷል። መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው። ነሐሴ ስለነበር ሙቀቱ ሌሊት እንኳ ከግድግዳው ይወጣል። እንዲያም ሆኖ ወደድኩት። ደወል ይሰማል፣ ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት ይጯጯሃል፤ ቤት ያለሁ መሰለኝ።

አሁን ስለ ጾሙ ልንገራችሁ፤ ከሕመሙ ጋር የተያያዘ ነው። ፍልሰታ ነበር። እኔ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም። ከዴንቨር የተነሳነው ረፋድ ላይ ነው። የዴንቨር ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አየር ላይ ነበርን፤ እኔን ደግሞ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ውሃ ጠየቅኩ። ብርጭቆውን ከመያዜ ሶስናን "ሮም አሁን ስንት ሰዓት ነው?" አልኳት። ስልኳን አይታ፣ "ሚድናይት አልፏል፣ እማማ" አለች። እንግዲያ የነገው ጾም ገብቷል አልኩና ውሃውን መለስኩት።

"እማማ፣ ጀስት ድሪንክ! ማን ያይሻል?"

"የሚያየውማ ያያል" አልኳት።

እንዲህ ሆኖ የሁለት አገር ጾም አንድ ላይ ገጠመብኝ። ከመቀመጫዬም አልተነሳሁም። እኔ መስኮቱ ሥር ነኝ፤ ጫፍ ላይ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ተኝቷል፤ እሱን መቀስቀስ አፈርኩ። ውሃ ሳልጠጣ፣ እግሬን ሳልዘረጋ፣ ያን ሁሉ ባሕር ተሻገርኩ።

ሮም ላይ ባቴ እያመመኝ ዞርኩ። ሰው ሁሉ የሚያየውን የፈረሰ ግንብ አየን፤ ሶስና ታሪኩን ከስልኳ ታነብልኛለች፤ እኔ የምቀመጥበት ድንጋይ እፈልጋለሁ። ሐሙስ ሲደርስ እግሬ አብጦ የጫማዬ ማሰሪያ አልደርስ አለ። ሲዳሰስ ይሞቃል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጥሩወርቅ ዕረፍት ነው። ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ በሩን ስትከፍት ተቃቅፈን ተላቀስን። ከዚያ ራቅ ብላ አየችኝና፣ "እታለም፣ አሜሪካ አወፈረችሽ እንጂ መች አጠነከረችሽ!" አለች። እግሬን ስታይ ሳቋን ተወች።

እናታችን ወጌሻ ነበረች። እጇን የወረሰችው ጥሩወርቅ ናት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ወለም ያለው፣ ብርድ የገባው ሁሉ የሚመጣው እሷ ጋ ነበር። ባቴን ዳሰስ አድርጋ፣ "ብርድ ነው። የዚያ የአውሮፕላን ብርድ ገብቶበት ነው። ቋጠሮው ይኸውና!" አለች። ከቦርሳዋ የወይራ ዘይት አወጣች።

ሶስና ከወዲያኛው አልጋ ተነሳች። "እማማ፣ እግርሽ ሆት ነው። አንድ ብቻ ነው ያበጠው። ዶክተር እንጥራ፣ ፕሊስ።"

"ዝም በይ አንቺ ፈረንጅ!" አለቻት ጥሩወርቅ እየሳቀች። "ለባት ደግሞ ዶክተር ይጠራል?"

እኔም ሳቅኩ። እግሬን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከቁርጭምጭሚቴ ጀምራ ወደ ላይ እየገፋች አሸችኝ። ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ እየፈለገች ደፈጠጠችው። እያመመኝ ደስ አለኝ። የእናቴ እጅ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መታጠቢያው ልሄድ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ።

አየሩ አለቀ።

ሌላ አባባል አላውቅለትም። ተነፈስኩ፣ ግን ምንም አልገባም። ደረቴን በቀኝ በኩል ወጋኝ። ልቤ ያለ ልክ ሮጠ። ግድግዳውን ያዝኩ። እጄ ላብ አለው፤ ተንሸራተተ። ሶስናን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ፀጉሩ ነጭ የሆነ ዝምተኛ ሰው ነበር። እሱ ነው ያየኝ። ወንበሩን ከጠረጴዛው ጀርባ አንሥቶ ይዞልኝ ሮጠ። አስቀመጠኝ። ስልክ አነሣ። ሶስና በባዶ እግሯ ወጣች።

"እማማ፣ ሉክ አት ሚ! እኔን እዪኝ!"

አየኋት። ስለ ራሴ ሞት አልነበረም ያሰብኩት። ይህች ልጅ አገሩን አታውቅም፤ ቋንቋውን አታውቅም። በዚህ ጠባብ ኮሪደር ሬሳዬን ይዛ ብቻዋን ልትቀር ነው አልኩ። እመቤቴ፣ እዚህ አይሁን። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ያን ቀን ሊፍቱ አይሠራም። የአምቡላንስ ሰዎቹ ከማሰሪያ ወንበር ጋር አሰሩኝና አራቱን ፎቅ በደረጃ ተሸክመው አወረዱኝ። ወንበሩ ባዘነበለ ቁጥር ዓይኔን ጨፈንኩ። አፌ ላይ ኦክስጅን አለ። እያለም አይበቃኝም።

ሆስፒታል ደም ቀዱ። የልብ ምት ወረቀት አነሡ። ሲቲ ስካን የሚሉት ትልቅ ቀለበት ውስጥ አስገቡኝ፤ ክንዴ ላይ መድኃኒት ሲለቁ ሙቀቱ እስከ እግር ጥፍሬ ወረደ። ስወጣ ጥሩወርቅ ደርሳለች፤ አሮጊቷን ለጎረቤት አደራ ብላ ነው የመጣችው። ሐኪሟ በጣሊያንኛ ትናገራለች፣ ጥሩወርቅ ወደ አማርኛ ትመልሳለች።

"እግርሽ ውስጥ፣ ጥልቁ ደም ሥር ውስጥ፣ ደም ረግቷል። ዲፕ ቬይን ትሮምቦሲስ ይባላል። ከእሱ ተቆርጦ ወደ ሳንባሽ ሄዷል። ይኼኛው ፐልመናሪ ኤምቦሊዝም ነው። አደገኛ ነው፤ ግን በጊዜ ደርሰሻል።"

ሐኪሟ ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀች። ጥሩወርቅ አልመለሰችም። ሐኪሟ ደገመችው። የእህቴ ፊት አመድ መሰለ፤ እጆቿን ብብቷ ሥር ደበቀች። ሐኪሟ ወደ ሶስና ዞራ በእንግሊዝኛ አለችው። ሶስና ጥሩወርቅን አየች፣ እኔን አየች።

"እማማ... እግሯን ያሸው ሰው አለ ወይ ነው የምትለው።"

"እኔው ራሴ ነኝ ያሸሁት በያት" አልኩ ከኦክስጅኑ ጭንብል ሥር።

ጥሩወርቅ ራሷን ነቀነቀች። በጣሊያንኛ አንድ ቃል ተናገረች፤ ሁለት እጆቿን አውጥታ ለሐኪሟ ዘረጋች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ቆይታ የተናገረችውን ሶስና ነገረችኝ፤ "የረጋ ደም ሲታሽ ሊነቀል ይችላል፤ ሳይታሽም በራሱ ሊነቀል ይችላል። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሁለተኛ ግን እንዲህ ያበጠና የሞቀ እግር እንዳትነኪ።"

ጥሩወርቅ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሆስፒታል በተኛሁበት ጊዜ ሁሉ እየመጣች ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች፤ አልጋዬን አትነካም። ትራሴን የምታስተካክለው ሶስና ናት። ውሃ የምታቀብለኝ ሶስና ናት። "ጥሩዬ፣ እጄን ያዢኝ" ስላት፣ "ይቅርብሽ እታለም፣ ይሄ እጅ ይቅርብሽ" ትላለች። ከሕመሙ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ።

መጀመሪያ ሄፓሪን በመርፌ ሰጡኝ፤ ከዚያ በሚዋጥ ደም ማቅጠኛ ለወጡት። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሟ ለጥቂት ሳምንት አውሮፕላን ከለከለችኝ፤ ስለዚህ ወደዚያው ወደ አራተኛ ፎቁ ሆቴል ተመለስን። ፍርሃቱ እውነተኛ መልኩን ያሳየኝ እዚያ ነው። ሆስፒታል ማሽኑ ይጮህልኛል፤ ሆቴል ማን ይጮህልኛል? ጋደም ስል ትንፋሼን አዳምጣለሁ። ሶስና የተኛሁ ሲመስላት እጇን አፍንጫዬ ሥር ታደርጋለች፤ እኔም እንዳትደነግጥ ብዬ ጠንከር አድርጌ እተነፍስላታለሁ። እንዲህ ስንሸነጋገል ብዙ አደርን።

የሆቴሉ ሰውዬ ግን፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ከሊፍቱ ፊት ለፊት ያለውን፣ መታጠቢያው እዚያው ውስጡ የሆነውን ክፍል ለቀቀልን፣ በየደረጃው መታጠፊያም አንዳንድ ወንበር አስቀመጠ፤ ሊፍቱ የማይሠራ ቀን ወንበር ከወንበር እየተቀመጥኩ እንድወርድ ነው። ቀስ በቀስ ኮሪደሩን ከሽንት ቤቱ እስከ መግቢያው ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው መልሼ እስከ መስኮቱ እሄድ ጀመር፤ እሱም በደረስኩ ቁጥር አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል፤ ኋላማ ውሃ ቀድቶ ጠረጴዛው ላይ ያቆይልኛል፣ ሳልጠጣውም አያሳልፈኝም። በቋንቋ ሳንግባባ ተግባባን።

ለመመለስ ሲፈቀድልን ፈራሁ፤ ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ፤ መድኃኒቴን በሰዓቱ ዋጥኩ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርሰውን ጠባብ ካልሲ ለበስኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ መቀመጫዬንም ጫፍ ላይ አስደረግኩና እየተነሳሁ የአውሮፕላኑን መተላለፊያ እንደ ሃቫና ስትሪት ዞርኩት። ከዴንቨር ኤርፖርት በባቡር መጥተን ሴንትራል ፓርክ በሚሉት የከተማው ጣቢያ ስንወርድ ልጄ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ትጠብቀናለች፤ ወደ እሷ ጥቂት እንደተራመድኩ ትንፋሼ አጠረና እዚያው አስፋልቱ ላይ ጮህኩ፤ መጣብኝ ብዬ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ወሰደችኝ። ኦክስጅኔን ለክተው፣ መርምረው፣ የኦሮራው ሐኪም እንዲህ አለኝ፤ "እናቴ፣ ይህ የከፍታው አየር ነው። ዴንቨር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ሳንባዎ ደግሞ ገና አላገገመም። አዲስ ነገር የለም። መፍራትዎ ግን ልክ ነው፤ ሁለተኛም ቢሆን ይምጡ።" መፍራትዎ ልክ ነው ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ፍርሃቱ ራሱ የቀለለኝ። ደም ማቅጠኛውን ወራት ወሰድኩ። በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ የእግሬ ደም ሥር ተከፍቷል። ባቴ ግን ብዙ ስቆም ዛሬም ያብጣል፤ ካልሲው አልተለየኝም።

ለንስሐ አባቴ የአውሮፕላኑን ጾም ስነግራቸው፣ "እማማ፣ ለመንገደኛ የተፈቀደውን ውሃ ማን ከለከለዎት?" አሉ። እናንተም ጾመኞች፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ። ውሃ ጠጡ፤ ጎረቤታችሁን ቀስቅሱና ተነሡ፤ ይቆጣ እንጂ። አንድ እግራችሁ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባታችሁ ከጠነከረ፣ ወጌሻም ዘይትም አይቅረበው፤ እጇ መድኃኒት የሆነች እህት ብትኖራችሁም እንዳታሹት፤ ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ አንድም ነገር አትጠብቁ፤ አምቡላንስ ጥሩ። ፈረንጅ የምትሏትን ልጅም ስሟት። ሶስናን ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ዘንድሮ ጥሩወርቅ ፈቃድ አግኝታ ኦሮራ መጣች። በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር እንጂ ከዚያ ወዲህ አልነካችኝም፤ ኤርፖርትም ስታቅፈኝ እንደ ዕንቁላል ነው የያዘችኝ። በማግስቱ ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን ስለብስ ታየኛለች። ጠባብ ነው፤ ያለ ሰው እርዳታ ይታገለኛል።

"ጥሩዬ፣ ነይ አልብሺኝ" አልኳት።

"ሶስናን ልጥራልሽ?"

"አንቺን ነው ያልኩት።"

ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እግሬን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ካልሲውን ከጣቶቼ ጀምራ፣ ሽብሽቡን እያቃናች፣ ቀስ እያለች ወደ ላይ ሳበችው። ባቴ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ያምሻል?"

"አያመኝም። ቀጥዪ።"

እስከ ጉልበቴ አደረሰችው። ጨርሳም እጇን አላነሣችም።