ፕሮቲኑ ጨምሯል

ሽማግሌው ሚስታቸውን ደግፈው ወደ ላቦራቶሪው በመጡ ቁጥር የኮታቸው ኪሶች እንዳበጡ ናቸው። በአንዱ የተቀቀለ እንቁላል፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ይይዛሉ። ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ሚስታቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው እንቁላሉን ይልጣሉ፤ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ቅርፊቱን መልሰው ኪሳቸው ይከቱታል። ሚስትየው ግን ሽታው አስጠልቷቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ደም የምትቀዳው ልጅ ይህን ለምዳዋለች።

ዛሬ ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ ገቡ።

"ሰማሽ ልጄ? ሐኪሙ ደሟ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በጣም ጨምሯል አለን። እኔ እኮ ብያለሁ፤ እንቁላል ዋዛ እንዳይመስልሽ።"

ልጅቷ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። ያ ፕሮቲን ከምግብ የሚገኘው አይደለም፤ የሳንባው ካንሰር ራሱ ወደ ደም የሚለቀው ነው። እሱ ሲጨምር የታማሚው ዕድሜ እያጠረ መሆኑን ታውቃለች።

"አባባ፣ ይሄኛው ፕሮቲን እኮ..." ብላ ስትጀምር፣ ሚስትየው ክንዷን ጠበቅ አድርገው ያዟት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የሚስትየውን እጅጌ መሰብሰብ ጀመረች።

ሚስትየው የተላጠውን እንቁላል ወደያዙት ባላቸው ዞሩ።

"እስቲ ጨው ጨመር አድርግበት" አሉና አፋቸውን ከፈቱ።