ተማሪው ሐኪምና የአባቴ ጎን

እኔ ሰው ቶሎ የማምን ፍጥረት አይደለሁም። ዘመዶቼ «አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» ይሉኛል፤ ይበሉ። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያን ልጅ እግር ሐኪም ግን የጠረጠርኩት እንዲሁ በባዶ አልነበረም፤ ምክንያት ነበረኝ።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ደብረ ብርሃን ውስጥ በነርስነት እሠራ ነበር። ሆስፒታላችን ያሉት ሐኪሞች ሁለት ብቻ ናቸው። ዋናው ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ቤይሩት ተምሮ የመጣ የአገራችን ልጅ ነው። ይህ ልጅ ሐኪምነቱን ጨርሷል፤ ግን አልበቃውም። እንግሊዝ አገር ሄዶ ስፔሻሊስት ካልሆንኩ ይላል፤ ያውም በድንገተኛና በከባድ የውስጥ ሕመም። መንገዱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ከባድ ከባድ በሽተኛ እያከመ ይቆያል፤ ከዚያ ዋናው ሐኪም «እጁ በቅቷል» ብለው ይመሰክሩለታል፤ ከዚያ ይላካል። እሳቸው ካልመሰከሩለት እዚያው ደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠጣ ይኖራል።

እንግዲህ አስቡት። ሰውየው እንግሊዝ አገር የሚደርሰው በከባድ በሽተኛ ጀርባ ነው። ሌላው ሰው ከባድ በሽተኛ ሲመጣ ፊቱ ይጠቁራል፤ የሱ ይፈካል። ትንፋሽ ያጠረው ወይም ራሱን የሳተ ሰው በገባ ቁጥር «ጥሩኝ፣ ምሳም ላይ ብሆን ጥሩኝ» እያለ አስጠንቅቆናል። የጽዳት ሠራተኛችን «ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ነው!» ስትል እኔ «እስኪ እናያለን» አልኩና ነገሩን በሆዴ ያዝኩት። ደግሞ ዋናው ሐኪም ሳንባ ዙሪያ የቋጠረ ውሃ በረጅሙ መርፌ ሲያወጡ ልጁ ትከሻቸው ላይ ሊወጣ ምንም አይቀረው። «ዛሬ እኔ ልሞክር?» ይላቸዋል። «ገና ነህ፤ ተመልከት» ይሉታል። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዋናው ሐኪም ለሥራ አዲስ አበባ እንደሄዱ አባቴ ታመው መጡ። አባቴ የአንኮበር መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። ጎረቤቶቻችን በባና ብርድ ልብስ ጠቅልለው በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። መተኛት አቅቷቸው ቁጭ እንዳሉ ነው የሚተነፍሱት። ያ ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሞላ ሰው ሁለት ቃል ይናገሩና ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ልጅ እግሩ ሐኪም እየሮጠ መጣ። ማን እንደሆኑ ከተሸካሚዎቹ ሰምቶ «የኔታ፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎ እጅ ነሳ። በማዳመጫው አዳመጣቸውና ጀርባቸውን በጣቱ ከላይ ወደ ታች ያንኳኳ ጀመር።

«ከበሮ… መሰልኩህ?» አሉት አባቴ።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጣቱ በቀኝ ጎናቸው ወደ ታች ሲወርድ ድምፁ ተለወጠ። አባቴ ቀና አሉ።

«ታፈነ» አሉ።

«አዎን የኔታ፣ እዚህ ጋ ታፍኗል። ውሃ ነው» አለና ዐይኑ በራ። ሲበራ ካላየሁ ዐይኔን ግንባር ያድርገው! የኔ አባት እየታፈኑ እሱ ደስ ይለዋል።

ኮሪደር ላይ አስቆምኩት። «ዋናው ሐኪም እስኪመለሱ ይቆዩ» አልኩ።

«የሚመለሱት ከነገ ወዲያ ነው። ውሃው ዛሬውኑ መውጣት አለበት።»

«እንግዲያው አዲስ አበባ ልውሰዳቸው። ሎንቺና አውቶቡሱ ገና አልተነሣም።»

«ሲስተር፣ በዚህ ትንፋሽ መንገድ ላይ ያለችውን ጫጫንም አያልፉ።»

በአባቴ ላይ ሟርቱን ተመልከቱልኝ! «ለመሆኑ እርስዎ ይህን መርፌ ስንት ጊዜ ወግተዋል?» አልኩት።

«ብዙ ጊዜ አይቻለሁ» አለ።

«አይቻለሁ! እኔም ጳጳስ ሲቀድሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለትምህርትዎ የሚሆን ሰው አጥተው በአባቴ ሊማሩ ነው እንጂ!»

ቢክድ ይሻለኝ ነበር። «መማሬም እውነት ነው፤ እሳቸው መታፈናቸውም እውነት ነው» አለኝ ረጋ ብሎ። እንዲህ ለስለስ ሲል ይበልጥ ጠረጠርኩት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ እኔ ግን ዶሮ አይደለሁም። ነጠላዬን አጣፍቼ ሎንቺናው ወደሚቆምበት ሮጥኩ፤ ሾፌሩን በእግዜር በመላእክት ብዬ ለምኜ የፊቱን ወንበር አስያዝኩ። «ጥሩንባ እነፋልሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልጠብቅም» አለኝ።

ስመለስ የአባቴ ከንፈር ጠቁሯል። «አባዬ፣ ይነሱ፣ እንሂድ። ይሄ ልጅ ገና ተማሪ ነው» አልኩ፣ እሱ አጠገባቸው ቆሞ እየሰማኝ።

አባቴ ወደሱ ዞሩ። «ተማሪ… ነህ?»

«ነኝ፣ የኔታ።»

«የታፈነውን… ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም… ሰምቻለሁ። ውጋ።»

ኧረ የሰው ያለህ! አንድ ጊዜ ጀርባቸውን ስላንኳኳ ነፍሳቸውን አሳልፈው ሰጡት። ብለምን ብለማመጥ ወይ ፍንክች። ሐኪሙ «ቁስል የሚያሽገው ድሬሰር ያግዘኝ» ሲል ግን አሻፈረኝ አልኩ፤ ውሃው የሚቀዳበትን ሳህን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አባቴ ከዐይኔ አይርቁም። ትራስ አሳቅፈን ወደ ፊት ደገፍ አደረግናቸው። ማደንዘዣውን ሰጣቸውና ረጅሙን መርፌ አነሣ። እኔ ዐይኔን ጣቶቹ ላይ ተከልኩ። አንዲት ስሕተት ብቻ ነበር የምጠብቀው።

እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብሎ አየኝ፤ አፈጠጥኩበት፤ ይብስ ተንቀጠቀጠ። መርፌው ገባ። ሳበው፤ ውሃ የለም። ትንሽ ደም ብቻ መጣ፤ አባቴም አቃሰቱ።

ያን ጊዜ እርስዎ ቀርቶ አንተ ሆነ። «ተው! ንቀል! የሰው አባት መለማመጃ መሰለህ? ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ!» ብዬ ጮኽኩ። ድሬሰሩም በሽተኛውም በር ላይ ተሰበሰበ። ሐኪሙ መርፌውን አውጥቶ ወደ ኋላ አለ፤ በዚያ ብርድ ግንባሩ ላብ አውጥቷል። «የኔታ፣ ከፈለጉ እተወዋለሁ» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

አባቴ ትራሳቸውን እንዳቀፉ ነበሩ። «ድገም» አሉ።

ይህች ቃል የዜማ ቤት ቃል ናት። ተማሪ ሲስት አባቴ አይቆጡም፣ አያባብሉም፤ «ድገም» ነው የሚሉት፤ ተማሪውም እስኪያቀና ይደግማል። አሁን የሚደገመው ግን ዜማ አይደለም፣ የገዛ ጎናቸው ነው። አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን አነሡ።

«አንቺ… ውጪ። እጁን… የምታንቀጠቅጪው… አንቺ ነሽ።»

እኔ? ሌት ተቀን የምሳሳላቸው ልጃቸው? ሰው ሁሉ እያየኝ ሳህኑን ለድሬሰሩ ሰጥቼ ወጣሁ። በሩ ተዘጋ። ጆሮዬን ለጠፍኩበት።

ምንም አይሰማም። ከውጭ የሎንቺናው ጥሩንባ ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ፤ ከዚያ ሞተሩ እየራቀ ሄደ። አሁን አባቴን የምወስድበት ሌላ ቦታ የለም። ሞተው ይሆናል፣ ሊነግሩኝ ፈርተው ይሆናል አልኩ።

ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ ይንቆረቆር ጀመር። ደም ነው አልኩ። ድሬሰሩ «እንዴት ያለ ብዙ ውሃ ነው!» ሲል እንኳ እኔን ለማረጋጋት ነው አልኩ። አባቴ ሳሉ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፣ ማለቂያ የሌለው የሚመስል። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፣ ያ የማውቀው ድምፅ፣ ቃል ከቃል ሳይቆራረጥ፦

«ልጄ፣ እሷን አትቀየማት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከኔ በቀር ማንም የላትምና እኔንም እንዳታጣ ፈርታ ነው እንጂ ክፉ ሆና አይደለም።»

ማን ይቅርታ ጠይቁልኝ አላቸው? ያውም ገና አሁን ባገኙት ትንፋሽ! ንድድ አለኝ። ገብቼ ልናገር የበሩን እጀታ ያዝኩ፤ ግን እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።