የአያ ደሴ ማዝጋን

የሎሚ ሽታ ያለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ሳህንና ድስት አይደለም፤ አያ ደሴ ነው። ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር ከበራችን ፊት ለፊት የሚኖር፣ ፕላስቲክ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ሳቁ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው የሚሰማ ጎረቤታችን ነበር። አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ነበረችው። ዳሽቦርዷ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ የካሴት ማጫወቻዋ አንድ ካሴት ውጦ አልመልስም ብሏል፤ በዕብራይስጥ ማዝጋን የምንለው ማቀዝቀዣዋ ደግሞ በቀዝቃዛ አየር ፈንታ አቧራ ይተፋል።

አንድ ዓመት በነሐሴ ሙቀት እናቱ ከጎንደር ሊመጡ ሆነ። ለብዙ ዓመት አልተያዩም። አሮጊቷ ሙቀቱን ፈርተው ለመምጣት ሲያንገራግሩ፣ አያ ደሴ በስልክ፣ "እምዬ፣ ምን ያስፈራሻል? የኔ መኪና ውስጡ ደጋ ነው!" አላቸው። ስልኩን እንደዘጋ እኛ ቤት መጥቶ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ጋራዥ የማዝጋኑን ጋዝ በሞሉለት ቁጥር በሳምንቱ ይጠፋል፤ "አርጅታለች፣ ተዋት" ብለውታል። እናቱን ዋሽቶ ማምጣቱ አንገበገበው።

"የሚጠፋ ከሆነማ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው" አለች እናቴ። የምድጃችንን የጋዝ ቱቦ እንደምትፈትሸው ሳሙና በጥብጣ ይዛ ወረደችና የመኪናዋን ቱቦዎች አንድ ባንድ በስፖንጅ ቀባች። አያ ደሴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሞተሩ ላይ አቀርቅሯል። አንዱ መጋጠሚያ ላይ አረፋው እንደ ፊኛ ሲነፋ፣ "ይኸው! ይኸው ስትተነፍስ!" እያለ መኪናዋን ዞሮ ጨፈረ። ቀለበት የምታህል ጎማ ደርቃ ተሰንጥቃ ኖሯል። መሀል ከተማ ወስዶ አስቀየራት፤ ጋዙንም እንደገና አስሞላ።

እናቱ የመጡ ዕለት የሕንፃው ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ጠበቀ። መኪናዋ መጥታ ቆመች። አያ ደሴ ብቻውን ወረደ።

"ምነው፣ አመማቸው እንዴ?" አለች እናቴ ደንግጣ።

"አልወርድም አለች እኮ! እዚሁ ገብታችሁ ሳሙኝ ትላለች!"

እየሳቀ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኛም ላባችንን እየጠረግን ተራ በተራ ገባን። አሮጊቷ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው በረዶ ነበር። ለሁላችንም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ "ልጄ አልዋሸኝም።"

አያ ደሴ ካረፈ ቆየ፤ በጣም ይናፍቀኛል። ዛሬም በበጋ እንግዳ ልቀበል ወደ ባቡር ጣቢያ ከመሄዴ በፊት ቀደም ብዬ ወርጄ መኪናውን አቀዘቅዛለሁ። ባለቤቴ ከበረንዳ ሆኖ፣ "ባቡሩ ገና ነው፤ ምን ነዳጅ ታቃጥያለሽ?" ይለኛል። እሱ አያ ደሴን አላወቀውማ።