ሸጊቱን የበላት ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከማሽላ ማሳችን ጥግ በተሠራች ጎጆ እንኖር ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከእኛው ጋር ነበረች፤ እትዬ ሐዋ እንላታለን። ያኔ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እናቴ ለጋዙ ሳስታ ኩራዙን ታጠፋውና በምድጃው ፍም ብርሃን ብቻ እንቀመጣለን፤ የግራሩ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ እትዬ ሐዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተረቷን ትጀምራለች። ከተረቶቿ ሁሉ ነፍሴ የሸጊቱን ትወድ ነበር።

ሸጊቱ በክፉ ዘመን ዘመዶቿ ተኝታ ሳለች ጥለዋት የሄዱ ትንሽ ልጅ ናት። ስትነቃ ቤቱ ባዶ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጅብ መጥቶ ከደጃፏ ይቆማል። ሸጊቱ ግን አታለቅስም። ሻሿን አስተካክላ፣ ቁርበት አንጥፋ፣ «አያ ጅቦ፣ ቤት ለእንግዳ፤ ና ግባ፣ አትቁም ሜዳ» ትለዋለች። ከተፈጠረ ጀምሮ ማንም አክብሮት የማያውቀው ጅብ ያፍራል። አንገቱን ደፍቶ ከደጃፉ ይተኛል፤ ዝናብ ዘንቦ ዘመዶቿ እስኪመለሱም ድረስ ሲጠብቃት ይከርማል።

እኔም ሸጊቱን ሆንኩ። የእናቴን አሮጌ ሻሽ ተከናንቤ ለፍየሎቻችን ቁርበት አነጥፋለሁ፤ ለጎረቤት ውሻ፣ ለአህያችን፣ አንዴም አጥር ላይ ላረፈ አሞራ «ቤት ለእንግዳ» ብያለሁ። ሰዒዳ ብለው ሲጠሩኝ አልሰማም፤ ሸጊቱ ካሉኝ እሮጣለሁ። አባቴ ከማሳ ሲመለስ ደጅ ላይ ይቆምና «የሸጊቱ ሰዎች፣ መሽቶብኛል፤ ታሳድሩኛላችሁ?» ይላል፤ እናቴ ሳቋ ያመልጣታል።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ከዞብል ተራራ በላይ ደመናው ይሰበሰብና ሳይጥል ይበተናል። ማሽላው ከጉልበት ከፍ ሳይል ደረቀ፤ በሬዎቻችን ተራ በተራ ወደቁ። ከቆላው የተነሣ ሰው በመንገዱ ወደ ቆቦ ይጎርፍ ጀመር። መራመድ ያቃተው ከመንገዱ ዳር ካለው ግራር ሥር ይቀመጣል፤ እናቴ ወደዚያ እንዳላይ ፊቴን በእጇ ታዞረዋለች። አባቴ የሰሊጥ አጨዳ አለ ሲሉት ወደ ሁመራ ሄደ። እትዬ ሐዋ ድርሻዋን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ እያካፈለች፣ በመጨረሻ ከመደቡ መነሣት አቃታት። ተረቱ ግን አልቀረም፤ እራት በሌለበት ማታ፣ እንቅልፍ እስኪወስደን ድረስ የምትሰጠን ሌላ ነገር አልነበራትም።

ያን ዓመት ጅቦቹም ተለወጡ። ድሮ ከሩቅ ሲጮኹ ነበር የምናውቃቸው፤ አሁን ዝም አሉ። ጠግበዋል። ገና ሳይጨልም በመንገዱ ጠርዝ ላይ እንደ ሰው ሲራመዱ ይታያሉ፤ ድንጋይ ሲያነሡባቸው እንኳ ቆመው ያያሉ። ማታ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ የነበረ ሰው ጠዋት አይኖርም። «ሄዶ ነው» ይባላል። የት እንደሄደ ማንም አይጠይቅም።

አንድ ቀን ቆቦ ላይ እህል ይታደላል የሚል ወሬ መጣ። እናቴ ወንድሜን አዝላ ወጣችና የአጥሩን በር ከውጭ በእሾህ ዘጋችው። በእሾሁ ቀዳዳ እያየችኝ፣ «ኢንሻአላህ ሳይመሽ እመጣለሁ። ማንም ቢመጣ እንዳትከፍቺ፤ እትዬን ጠብቂያት» አለችኝ።

ፀሐይዋ ወደ ላስታ ተራሮች አዘቀዘቀች፤ እናቴ አልመጣችም። እትዬ ሐዋ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። ደጅ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር ሲተነፍስ ሰማሁ። ቀና ስል፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ጅብ አፍንጫውን በእሾሁ መሀል አስገብቶ ያሸታል።

አልፈራሁም። እስከ ዛሬ ገላዬን የሚሰቀጥጠኝ ይኸው ነው፤ ደስ አለኝ። ስጠብቀው የኖርኩት እንግዳ የመጣ መሰለኝ። እሱ ከመጣ እናቴም ትመጣለች፣ አባቴም ይመለሳል፣ ዝናቡም ይዘንባል፤ ተረቱ እንዲያ ነው የሚለው። ሻሼን አስተካከልኩ። ቁርበቱን ከቤት ጎትቼ ደጃፉ ላይ አነጠፍኩ። ከዚያ የአጥሩን እሾህ ወደ ውስጥ መሳብ ጀመርኩ፤ እጄ ደማ፣ ግን አልተውኩም። ክፍተቱ ሲሰፋ ጅቡ ራሱን ዝቅ አደረገ። አፈረ ብዬ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ቤት ለእንግዳ…»

«ሰዒዳ!»

ዞር ስል እትዬ ሐዋ በአንድ እጇና በጉልበቷ እየዳኸች ከቤት ስትወጣ አየኋት። ከምድጃው የለኮሰችው የማሽላ አገዳ በሌላው እጇ ይነዳል። «ውጣ! ውጣ አንተ ርጉም!» ብላ አገዳውን ወደ ክፍተቱ ወረወረችው። የደረቀው እሾህ ቦግ አለ። ጅቡ ወደ ኋላ ተመለሰ እንጂ አልሸሸም፤ ጥቂት ቆሞ አየንና ቀስ ብሎ ወደ ግራሩ አቀና። እሷ ያነጠፍኩትን ቁርበት አንሥታ እሳቱን እየደበደበች አጠፋችው፤ የቀረውን እሾህ በባዶ እጇ ወደ ክፍተቱ ገፋች። ከዚያ እኔን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልቧ ሲመታ በጀርባዬ ይሰማኛል።

«ለምን አባረርሽው? እንግዳ ነበር» አልኳት።

«ጅብ ነው።»

«ሸጊቱን ግን ጠብቋት…»

«ሸጊቱን በላት።»



«ስሚኝ፣ ሰዒዳ። ሸጊቱ የእናቴ እህት ነበረች። በክፉው ቀን ጥለዋት ሄዱ። ደጁን ከፈተችለት፤ በላት። ዘመዶቿ ሲመለሱ ያገኙት ሻሿን ብቻ ነው። እናቴ ማልቀስ ሲደክማት ጊዜ ተረት አደረገችው።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ገባሽ?»

ሻሹን ከራሴ ላይ አውልቄ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለራሴ አልነበረም፤ ለሸጊቱ ነበር። እትዬ ሐዋ አመድ በነካው መዳፏ ፊቴን ጠረገችኝ። «አልቅሺ» አለችኝ፤ «አልቅሺ፣ ግን አትክፈቺ።»

እናቴ ጨለማው ሳይበረታ በነጠላዋ ጫፍ ጥቂት ስንዴ ቋጥራ ደረሰች። የተቃጠለውን እሾህ አይታ እትዬ ሐዋን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ማታ ወዲያ እትዬ ሐዋ ተረት አላወራችም። ብዙም ሳትቆይ፣ አንድ ጎሕ ሲቀድ፣ እናቴ «ያ አላህ» ስትል ነቃሁ። ጉድጓድ የሚምስ ወንድ በመንደሩ ጠፍቶ፣ እናቴና ጎረቤታችን ሁለቱ ብቻ ቆፍረው እትዬ ሐዋን ማሳው ጥግ ቀበሯት። ጅብ እንዳያወጣት መቃብሯ ላይ ድንጋይ ከመሩበት፤ እኔም የቻልኩትን ያህል ተሸከምኩ።

አባቴ ከሁመራ ከስቶ፣ ግን በሕይወት ተመለሰ። ዝናቡም በሌላው ክረምት ተመለሰ። ካደግሁ በኋላ፣ ማሽላ ስንጠብቅ በዋልንበት አንድ ቀን፣ ስፈራው የኖርኩትን ነገር ጠየቅሁት።

«አባ፣ የእናታችሁን እህት፣ ሸጊቱን፣ ጅብ የበላት የት ነው?»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «የማንን እህት?»

ነገርኩት።

«እናታችን ለእናቷም ላባቷም አንድ ነበረች» አለኝ። «እህትም ወንድምም አልነበራትም። ሸጊቱ የሚባል ሰው ከሐዋ ተረት ውጭ ሰምቼ አላውቅም።»

ዛሬ እኔም በእትዬ ሐዋ ዕድሜ ሆኜ ሳስበው፣ ያን ሁሉ፣ የእናቷን እህትም፣ የተገኘውን ሻሽም፣ የእናቷን ልቅሶም የፈጠረችው በዚያ በተቆራረጠ ትንፋሿ መሀል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በተረት እያሳመረች ያሳደገቻትን ልጅ፣ እኔን እንዳይወስድ ብላ፣ ለጅቡ ሰጠችው።