ለገናው ዳኛ ያወረድኩት ሙሾ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የገናው ዳኛ ማረፋቸውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ኀዘን አልነበረም። «እንግዲህ ባሌን ወደ ሜዳ ማን ሊመልሰው ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር።

ያኔ አዳማ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልወጣላትም። ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው በላይ ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና ከብት ነበረች። በዓመት አንድ ቀን፣ የገና ዕለት፣ አዳማና ሞጆ ሜዳ ወጥተው በቆልማማ ዱላ ሩር የሚባለውን ኳስ ሲማቱ ግን ከማንም የማትተናነስ ከተማ ትሆን ነበር። ቀድሞ ጨዋታው ዱላ የያዘ ሁሉ የሚገባበት ትርምስ ነበር አሉ። ሥርዓት ያበጁለት እኒህ ሰው ናቸው። በኬላ ቀረጥ ሲያስከፍሉ ያረጁ፣ ዣንጥላ ከእጃቸው የማይለይ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሕግ አወጡ። ዱላውን ከትከሻው በላይ ያነሣ ከሜዳ ይወጣል፤ የሚመልሰውም ያስወጣው ዳኛ ብቻ ነው። ሁለቱም አገር ምሎ ተቀበለ።

ባሌ የባቡር ሐዲድ ከሚጠግኑት አንዱ ነበር፤ ለአዳማም እንደሱ የሚመታ አልነበረም። ከተጋባን ብዙም ሳይቆይ፣ በአንዱ ገና፣ ግርግር ውስጥ የሞጆው ዋና ተጫዋች ቅንድቡ ተተርትሮ ወደቀ። ሁለቱ አገር ዱላ ሊማዘዝ ሲል ዳኛው ዣንጥላቸውን ወደ ባሌ ቀስረው «አንተ ነህ! ከእንግዲህ ገና አትይዝም» አሉ። ሞጆዎች የአዳማ አውራ ወጥቶላቸዋልና በረዱ። ባሌም ሳይከራከር ወጣ። ያሳዘነኝ መውጣቱ ብቻ አልነበረም። እሱ ራሱ መምታቱንም አለመምታቱንም አያውቅም ነበር። «በዚያ ግርግር ማን ያውቃል፣ መትቼው ይሆናል» ይለኝና ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የወይራ ዱላውን ያያታል። የሰው ዓይን ላጠፋ ነበር እያለ ስንት ጊዜ ምግብ ገፍቷል።

እንግዲህ የእኔን ሥራ ልንገራችሁ። ሙሾ አውራጅ ነኝ። ከአክስቴ ነው የተማርኩት። አክስቴ «የሞተን ሰው ስታወርጂለት አታወድሺው፣ አሳዪው» ትል ነበር። እናም ለቅሶ ቤት ሳልቀመጥ በፊት እዞራለሁ፤ ሟቹ ምን ይወዱ ነበር፣ ማንን ጠቀሙ፣ ማንን አስቀየሙ እያልኩ እጠይቃለሁ። ጠያቂነት በተፈጥሮዬም አለብኝ፤ እናቴ «አንቺ የሰው ቡሃቃ ሳትከፍቺ አታልፊም» ትለኝ ነበር። ለሠልስቱ አውርጂ ብለው የሟቹ ቤተሰቦች ሲልኩብኝ፣ ባሌ ቀና ብሎ አየኝ።

«ለሳቸው ልታወርጂ ነው?»

«ሥራዬ አይደለም እንዴ? እርስዎ ደግሞ!» አልኩት። ያኔ ባል አንቱ ነበር የሚባል፤ አንተ የምለው እጅግ ሲያናድደኝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ከወሎ መጥተው ጣቢያው አጠገብ አቡጀዲ ወደሚሸጡት ሽማግሌ ነበር። ገና ሲገጠም ሱቃቸውን ዘግተው ከሁሉ ቀድመው ሜዳ የሚገኙ እስላም ናቸው። «ልጄ መጫወት ሲያምረው፣ ገና የክርስቲያን ነው ብለው አባረሩት» አሉኝ። «እሳቸው ናቸው ጠርተው ያስገቡት። ሩር ቁርባን አይጠይቅም አሉ። አላህ ይማራቸው! የእንጨቱንም ሩር አስቀርተው ለስላሳውን ከጠፍር የሚጠቀለለውን ያመጡ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በገና ያነከሰ አይተሻል?» አላየሁም።

ከዚያ ሜዳው ዳር ወደሚኖሩት የኦሮሞ ገበሬ ወረድኩ። እኒህም የጨዋታው ነገር አይሆንላቸውም፤ ሆኖም የሟቹ ስም ሲነሣ ፊታቸውን አዞሩ። «አካም ቡልቴ፣ እንደምን አደርሽ ልጄ» ብለው አስቀመጡኝና ወደ ሜዳው ጠቆሙ። «ያ ለጥ ያለ ሜዳ የጥጆቼ ጥላ ነበር። ግራሮቹን ያስቆረጧቸው ያንቺ ዳኛ ናቸው። አንድ ቀን ለሚጫወቱበት ዓመቱን ሙሉ ጥጃዬ ፀሐይ ላይ ዋለ። ዱጋ፣ እውነት ነው የምነግርሽ።» ከዚያ ሣቁ። «ግን ጨዋታው ጥሩ ነበር፤ እኔም ሳላይ ቀርቼ አላውቅም።»

የታመመ ሁሉ የሚያስታምመው አለው፤ የሞተ ሁሉ የሚያማው አለው። ሐዲድ ሠራተኞቹ ደግሞ ሌላ ቂም ነበራቸው። በገና ዕለት እንደሚታወቀው በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ትልቁም ትንሹም በግጥም ይሸነቆጣል። አንድ ጊዜ አንዱ፣ ዳኛው ዣንጥላቸውን ሲያስተካክሉ ሩሩ ባጠገባቸው አለፈ ብሎ ገጠመባቸው። ሜዳው በሣቅ ተናወጠ። በዓመቱ «ዳኛን የነካ ሜዳ አይገባም» የሚል ሕግ መጣ፤ ግጥሙም ሞተ። «የገናን ግማሹን ቀበሩት» አሉኝ ሠራተኞቹ።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ለቅሶ ቤት ስገባ ሞጆዎች በባቡር ደርሰው ነበር። ከነሱ መካከል ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው አየሁ። ያ ወድቆ የነበረው ነው። እግዜር ያጥናችሁ ተባብለን ሳበቃ ወደ ዳሱ ጥግ ጠራሁትና ስለ ሟቹ ጠየቅሁት።

ወዲያ ወዲህ አየ። «አንቺ የማን ሚስት እንደሆንሽ አውቃለሁ» አለኝ። «የመታኝ ባልሽ አይደለም። የኛው ሰው ነው፤ ከኋላዬ ዱላ ሲያነሣ ነው ያገኘኝ። ለዳኛውም በማግሥቱ ሄጄ ነግሬአቸዋለሁ።»

«እና?»

«ፍርዴን ካጠፍኩ ከእንግዲህ የሚሰማኝ የለም፤ ሜዳውም ደም ይሆናል አሉኝ። ዝም እንድልም አስማሉኝ። አሁን እሳቸው ስለሞቱ መሐላው ወረደልኝ መሰለኝ።»

ደሜ ፈላ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ባሌ በዳሱ ወዲያኛው ጫፍ ከወንዶቹ ጋር አቀርቅሮ ተቀምጧል፤ በሌላ ሰው ጥፋት ራሱን ሲበላ የኖረ። ወዲያው ሄጄ ልነግረው አስቤ ነበር። ግን ጆሮው ላይ ባንሾካሽክለት ምን ይጠቅመዋል? የተፈረደበት በሁለት አገር ፊት ነው። ደግሞ በሙሾ መሐል ማንም አያቋርጥም፣ ማንም አይመልስም፤ አንቱም የለም። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። ጠፍሩን አነሣሁ፣ የሱቁን ሽማግሌ ልጅ አነሣሁ፣ የተቆረጡትን ግራሮች አነሣሁ። ሴቶቹ እየተቀበሉኝ ያለቅሳሉ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

ሁለት አገር አስማምቶ በሰላም ያኖረ፣
በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ፍርዱ ለምን ከረረ?
የሞጆው ልጅ መጥቶ እሱ አይደለም ሲለው፣
ሰምቶ ዝም ያለን ዳኛ ምን ልበለው?

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ባለጠባሳው ዞረ፤ እሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ባሌ ቀና አለ። ፊቱን ዛሬም አልረሳውም፤ ከታላቅ ሸክም የተላቀቀ በቅሎ እንዲያ ይቆማል፣ መራመዱን ረስቶ። እኔ አላለቀስኩም፤ ሙሾ አውራጅ ታስለቅሳለች እንጂ አታለቅስም፤ የዚያን ቀን ደግሞ ተናድጄም ነበር።

የሟቹ ታናሽ ወንድም እንደ ደንቡ ቆመው «ወንድሜ የበደለው ሰው ካለ ስለ ነፍሱ ይቅር ይበለው» አሉ። ባሌ ተነሣ። «እኔ እንዳልመታሁ ማወቄ ይበቃኛል። ይቅር ብያቸዋለሁ» አለና ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሜዳ ይመለሳል ብዬ ነበር። የወይራ ዱላውንም አውርጄ ቅቤ ቀባሁለት። ግን የሁለቱ አገር ሽማግሎች ተቀመጡና፣ ይህን ያህል ተበድሎ በደቂቃ ይቅር ያለ ሰው እያለ ሌላ ዳኛ ያስፈልገናል ወይ ብለው እሱኑ ሾሙት። ዳኛ ደግሞ አይጫወትም። እሺ ብሎ መጣ። ዱላዋን መልሶ ሲሰቅላት ጀርባውን ነበር የሰጠኝ።

ገና ደረሰ። ዣንጥላ ሳይዝ ዳኘ። መሐል ላይ ግርግር ሆነ፤ «አነሣ! አነሣ!» የሚል ጩኸት ተሰማና ባሌ አንድ የሞጆ ጎረምሳ ጠቁሞ አስወጣ። አዳማ አሸነፈች። ሞጆዎች ወደ ጣቢያው ሲያመሩ እኛም ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ቆመ።

«ያን ልጅ ሲያነሣ አላየሁትም። ጩኸቱን ሰምቼ ነው» አለኝ።

«አንተ!» አልኩት።

ወደ ጣቢያው ተመለሰ፤ እየሮጠ ማለት ይቻላል። ተከተልኩት። ባቡሩ ገና አልመጣም ነበር። ሞጆዎቹ ፊት ቆሞ፣ ሊሸኙ የመጡት አዳማዎችም እየሰሙት፣ «ተሳስቻለሁ። ልጁ ማጥፋቱን አላየሁም። ለከርሞ ይጫወታል» አለ። ዱላ የጨበጡ እጆችን አየሁና ደም ሊፈስ ነው አልኩ። ያኔ ከሞጆዎቹ መሐል አንዱ በዜማ አወጣው፦

ዓይኑን ቤት አስቀምጦ በጆሮው የሚዳኝ፣
የአዳማው ዳኛ ነው፣ እዩልኝ ስሙልኝ!

ጣቢያው በሣቅ ፈነዳ። ሞጆም አዳማም ሆዱን ይዞ ሣቀ፤ ያ የወጣው ጎረምሳ ከሁሉ በላይ። ባሌ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና እሱም ሣቀ።

እኔ ግን የሟቹ ነገር መጣብኝ። ደም ፈርተው ነው ፍርዳቸውን ያላጠፉት ስንል ከርመን ነበር። እነሆ ፍርዱ ታጠፈ፤ የመጣው ግን ደም አልነበረም። እኒያ ቁጥብ ሰው ይህችን ሣቅ ነው የፈሩት። ይህችን ፈርተው ግጥሙን ገደሉ፣ ይህችን ፈርተው ባሌን በሰው ጥፋት አኖሩት። ዣንጥላቸውን ይዘው ሰው መሐል ብቻቸውን ሲቆሙ ታዩኝና አዘንኩላቸው። በሠልስታቸው ያልመጣው እንባዬ እዚያ ጣቢያ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሣቀ፣ መጣ።