ባዶው መንገድ የአውቶቡስ ነው አሉኝ

እኔ ከሳንጃ ጎንደር ሰሊጥ ሳመላልስ ያረጀሁ ሾፌር ነኝ። ፊደል በወጉ አልቆጠርሁም፤ ይህንንም የምጽፈው ንዴቴ አልበርድ ቢለኝ ነው።

በእኛ መንገድ ምጥ የያዛት ሴት ጋቢና ከገባች፣ አጠገቧ ያለው ሰው ነጠላ በመስኮት ያወጣል። ሾፌሩ ክላክሱን ይዞ አይለቅም። ያን ያየ ሁሉ ዳር ይይዛል፤ ባጃጁም፣ አይሱዙውም፣ አህያ የሚነዳውም። አዘዞ ላይ የሰርግ ማኪና ሙሽሮቹን እንደያዘ ጥጉን ይዞ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም አላስቆመው፤ ሰው ስለሆነ ነው የቆመ።

ልጄ ጣሊያን አገር ነው የምትኖር። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ፣ እናቷ በሕይወት የለችምና፣ «አባየ፣ አንተ ና፤ ሰው ይኑረኝ» አለችኝ። ሄድሁ። መንጃ ፈቃዴም ለውጭ አገር እንዲሆን ወረቀቱን አስወጥቼለት ነበር። ሰዎቹ በቀኝ ነው የሚነዱ፤ መኪናውንም እንደኛ ማኪና ይሉታል። ከዚህ ወዲያ ምን ይቸግረኛል አልሁ።

አንድ ጧት ባሏ ሌላ ከተማ ሥራ ሄዶ ሳለ ምጥ ያዛት።

«አምቡላንስ ልጥራ» አለች።

«የምን አምቡላንስ! አባትሽ ሾፌር አይደለም?»

በእሷ ማኪና ወጣን። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ተዘጋ። ማኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል፤ ክላክስ እንኳ የሚያሰማ የለም። በቀኛችን ግን አንድ መንገድ ባዶውን ተዘርግቷል። በቢጫ መስመር ተለይቶ፣ መሬቱ ላይ ተጽፎበታል። መሪውን ወደዚያ ሳዞር ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«እዚያ እንዳትገባ! የአውቶቡስና የታክሲ ነው።»

«አውቶቡሱ የታለ?»

«ባይኖርም የእሱ ነው፣ አባየ!»

«ለሌለ አውቶቡስ ብዬ ልጄን አስፋልት ላይ ላዋልድ?»

ልትመልስልኝ ስትል ምጡ መጣባትና ጮኸች። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማል! ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳብ አድርጌ በግራ እጄ በመስኮት አወጣሁና ገባሁበት። ክላክሴን እያስጮህሁ ነዳሁ። በጎን የቆሙት ሰዎች አንገታቸውን አዙረው ያዩኛል። እብድ አይተው አያውቁም መሰል።

መስቀለኛው ላይ አንድ ጎረምሳ ትራፊክ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ይህ እንኳ ነጠላውን አይቶ ያሳልፈኛል ብዬ ነበር። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ነጠላውን ሰብስቦ፣ አጣጥፎ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። በነፋስ የወጣብኝ መስሎት! አሁን ይህ አገር ነው?

«ምጥ ላይ ናት!» አልሁት ባማርኛ። እሱ መንጃ ፈቃድ ይለኛል። ልጄ እያቃሰተች በቋንቋው ስትነግረው ግን ደነገጠና ሬዲዮኑን አነሳ። እኔ «ልቀቀኝ፣ ላድርሳት» ብል ማን ሊሰማኝ። ቁልፉን ከማኪናው ነቀለ።

አምቡላንሱ ብዙም ሳይቆይ መጣ። በየት መጣ? በዚያው በተከለከልሁት መንገድ! ልጄን አወረዱና በዚያው ይዘዋት በረሩ። እኔ ስወስዳት ጥፋት፣ እነሱ ሲወስዷት ሸጋ። ምጡ እንደሁ አንድ ምጥ ነው።

ትራፊኩ ማኪናውን የጎን መንገድ ላይ አቁሞ ቁልፉን መለሰልኝ። የሚመጣውን አውቶቡስ አሳየኝ፤ ለሾፌሩም የሆነ ነገር ነገረው። ተሳፈርሁ። አጠገቤ እግሩ በጄሶ የታሰረ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቴ አንዲት ሴት የሚያስለው ልጇን አቅፋለች። በመስኮት ስመለከት ከመስቀለኛው ወዲያም ማኪናዎቹ እንደ ቅድሙ ተደርድረው ቆመዋል። እኛ በጎናቸው አለፍን፤ ሆስፒታሉ በር ላይም አወረደን። እንደኔ ያለ ሁሉ ቢገባበት ኖሮ ያ ሽማግሌ እስከ ማታ አይደርስም ነበር። ይኸ ገባኝ። ቢገባኝም ግን ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ስደርስ ወልዳለች፤ ወንድ ልጅ። እሷም ደህና፣ እሱም ደህና። አልጋዋ ላይ ሆና አየችኝና፦

«በምን መጣህ?» አለችኝ።

«በአውቶቡስ።»

ሳቀች። «እሰይ! አሁን ሕጉ ገባህ?»

«ገብቶኛል። ለአውቶቡስ መንገድ ከለዩ ግን ለምጥ ምነው አይለዩላት? ሴት ልጅ እዚህ አትወልድም?»

«አባየ፣ ለዚህ እኮ ነው አምቡላንስ ልጥራ ያልሁህ።»

እውነቷን ነው፤ ንዴቴ ግን ባሰ።

«በይ አምጭው» ብዬ ልጁን ተቀበልኋት።